«ቅጠል ነው እኮ!»፦ ማሪዋና ተለቆ ጫት የታሰረበት አገር

የሌሊት ፈረቃ
ቅዳሜ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። አንድ ጎልማሳ ንፍሮውን እየዘገነ፣ «ጫት ቅጠል ነው እኮ! ዲሲ ውስጥ ማሪዋና እንደ ከረሜላ ይታደላል፣ የኛን ግን ከሄሮይን ጋር መደቡት። ንቀት ነው!» አለ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነርስ ነኝ። ሦስት ሌሊት ሳይተኛ፣ ልቡ ደረቱን ሊሰብር ደርሶ የመጣ ቃሚ አይቻለሁ። ምኑ ላይ ነው ንቀቱ? እኔ እንኳን ከለከሉት ባይ ነኝ።

የአወዳይ ልጅ
እህቴ፣ ሰውዬው ምን አጠፋ? በፈረንጆቹ 2014 የዲሲ ሕዝብ ማሪዋና ይፈቀድ በሚለው ኢኒሼቲቭ 71 ድምፅ ሰጠ። ከ2015 ጀምሮ ሁለት አውንስ ማሪዋና ይዞ መሄድ ወንጀል አይደለም። መሸጥ አልተፈቀደም ሲባል ደግሞ ዘዴ ፈጠሩ። ስቲከር በውድ ትገዣለሽ፣ ማሪዋናው «ስጦታ» ይሆናል። አያቴ ማሳ ላይ የበቀለው ሲያዝ ግን ስኬጁል 1፣ ጥብቁ የዕፅ ምድብ! ቅጠል ነው እኮ!

የሌሊት ፈረቃ
ኮካስ? ድንጋይ ነው? ትምባሆስ?

ቡና ጠጡ
እሬትም ቅጠል ነው። እስቲ አንድ ዙርባ ቃምና ንገረን።

ፋይል ተሸካሚ
የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ራሴ ግን ጠበቃ አይደለሁም። የፌዴራሉ የዕፅ ዝርዝር ውስጥ «ጫት» የሚል ቃል የለም። በ1993 ስኬጁል 1 ውስጥ የገባው ካቲኖን ነው፣ ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ እየቀነሰ ካቲን ይሆናል። ካቲን ደግሞ ስኬጁል 4፣ ላላ ያለው ምድብ ነው። ስለዚህ ያው የጫት እስር ዛሬ ሌላ ወንጀል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ ወንጀል ነው። ግን ደርቋል ብላችሁ እንዳትዝናኑ። ላብራቶሪ ትንሽ ካቲኖን ካገኘ አለቀ።

የአወዳይ ልጅ
ይኸው! ትኩስ ሲሆን የሚያስጠይቅ፣ ሲያድር የሚረክስ ወንጀል። ዳቦ ነው እንዴ? ደሞስ ካቲኖን ማነው? የአወዳይ ነጋዴ ካቲኖን ሲባል ያውቃል?

ፋይል ተሸካሚ
ይህንኑ ብለው ፍርድ ቤት የተከራከሩ ሰዎች አሉ። «ሕጉ ጫት አይልም፣ ካቲኖንን በምን አውቃለሁ» ነበር ነገሩ። 2005 ላይ ስድስተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሹ የያዘው ነገር የተከለከለ መሆኑን ተከሳሹ እንደሚያውቅ ማስረዳት ስላለበት ያ ይበቃል አለ። ሻንጣ ውስጥ «ሻይ ቅጠል» ብሎ ጽፎ የሚልክ ሰው ደግሞ ማወቁን ራሱ ጻፈው ማለት ነው።

ቡና ጠጡ
ሃሃ፣ «ቅጠል» ማለቱስ ልክ ነበር።

ማታ ነጂ
እኔ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ማሪዋና ተፈቀደ የምትሉት ለማን ነው? ሲዲኤል፣ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያለው ሰው ሜሪላንድ ፈቀደች ብሎ አንድ ጊዜ ቢስብ ምርመራው ላይ ይወድቃል፣ እንጀራው ይሄዳል። ጫቱን ግን ያ ምርመራ አይፈልገውም። የሚፈልጋቸው አምስት ዓይነት ናቸው፣ ካቲኖን የለበትም። በረጅም መንገድ ላይ ማን ምን እንደሚያኝክ እኔ አልናገርም።

የሌሊት ፈረቃ
ተናገርክ እኮ! በ40 ቶን መኪና ላይ ምርቃና? ይሄን ነው የምላችሁ!

ማታ ነጂ
በሜትሪክ ቶን 36 ነው እህቴ። 80,000 ፓውንድ። ካልሽ አይቀር በትክክል በይ።

ጎርጎራ
እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ «የኛን» ያለው የማንን ነው? እኛ ቤት ጫት የያዘ ልጅ በራፍ አያልፍም ነበር። የአንድ አካባቢ ልማድ ባህላችን ተብሎ ሲጫንብን አልወድም።

የአወዳይ ልጅ
ባህር ዳር ጫት የሚባለውን ታዲያ ማን ነው የሚያበቅለው? ፈረንጅ? ነውር ነው እያላችሁ ኤክስፖርት ሲደረግ ዶላሩን አልጠላችሁትም።

ጎርጎራ
ማብቀልና መቃም ለየቅል ነው።

ፋይል ተሸካሚ
እባካችሁ ወደ ዋናው ነገር። እኔ የሚያንገበግበኝ ንቀት መኖር አለመኖሩ አይደለም፣ 30 ግራም ነው። የኢሚግሬሽን ሕጉ ዜጋ ያልሆነ ሰው በአደንዛዥ ዕፅ ከተፈረደበት ሊባረር ይችላል ይላል። አንድ መውጫ አለው፦ ለራሱ መጠቀሚያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና። ማሪዋና ብቻ! ጫት በዚህ በር አይገባም። አንድ ዙርባ የተያዘበት ግሪን ካርድ ያለው አባወራ ከማሪዋናው ሰውዬ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ፋይሉን እኔ ነኝ የማደራጀው። ልጆቹ ፎቶ ላይ አሉ።

የሌሊት ፈረቃ
ይሄን አላወቅሁም ነበር። ያሳዝናል፣ እውነቴን ነው። ግን መፍትሔው ቅጣቱን ማቅለል እንጂ ቅጠሉን መፍቀድ ነው ወይ?

የአወዳይ ልጅ
አየሽ፣ አንቺም «ቅጠሉን» አልሽ!

ሃክኒ
ከለንደን ነኝ። እዚህ እስከ ሰኔ 2014 ሕጋዊ ነበር። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በአውሮፕላን ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ትገዛለህ። የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት 2013 ላይ መርምሮ መከልከል አያስፈልግም አለ። የያኔዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ አልሰሙትም፣ ከለከሉት። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም 2006 ላይ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አይገባውም ብለው ነበር። ስለ ሳይንስ ከሆነ ክርክሩ እኛ ነን ያሸነፍነው።

የሌሊት ፈረቃ
ሳይንስ «ጤና ነው» አላለም ወንድሜ። ከልካይ ሕግ አያስፈልገውም ነው ያለው። አምቡላንስ የመጣበትን ሌሊት ሳይንሱ አልከለከለኝም።

ሃክኒ
የተከለከለበትም አገር ነው ያየሽው። ከከለከሉት በኋላም እየመጣ ነው ማለት ነው፣ በደረቁ፣ በውዱ።

ሦስት መስመር
አንድ ነገር ልበል። ማሪዋና የተፈቀደው ጤና ስለሆነ አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕመምተኛ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 ለሁሉም የፈቀዱት መራጩ ድምፅ ስለሰጠ ነው። ታክሱ አለ፣ ባለሀብቱ አለ። ጫት ማን አለው? ከቃሚው ዜጋ ያልሆነ አለ፣ ዜጋ የሆነው ደግሞ ሰው ፊት «ኧረ እኔ አልቅምም» ይላል። ንቀት ከፈለጋችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ማታ ነጂ
ይሄ ይሻላል። አንተ ግን ትቅማለህ?

ሦስት መስመር
ኧረ እኔ አልቅምም።

ቡና ጠጡ
ሞትኩ!

ፋይል ተሸካሚ
ዜግነት የምትጠብቁ ሰዎች፣ ማሪዋናውም ለእናንተ አልተፈቀደም። 2019 ላይ ኢሚግሬሽን በግልጽ አውጥቶታል፣ ስቴቱ ቢፈቅድም መልካም ሥነ ምግባር የሚለውን የዜግነት መስፈርት ሊያሳጣችሁ ይችላል። «ስጦታ» ነው እያላችሁ ዲሲ ዩ ስትሪት እንዳትሰለፉ።

የአወዳይ ልጅ
በለጩ ይሁን ማሪዋና፣ ለኛ ሁሉም ተዘግቷል በለኛ።

ጎርጎራ
አወዳይ ነኝ የሚል ሰው የሌላ አካባቢ ጫት፣ በለጩን በምሳሌ ያነሳል? ተነቃብህ።

የአወዳይ ልጅ
ነውር ነው የሚል ሰው ልዩነቱን ከየት አወቀ?

የሌሊት ፈረቃ
ጉድ ነው። ለሰውዬው ምን ብዬ ልመልስለት ብዬ ነበር የመጣሁት።

ቡና ጠጡ
አርባው ላይ ታገኚዋለሽ። «የቱ ቅጠል?» በይው።

የሌሊት ፈረቃ
አርባው ዕለት ተረኛ ነኝ።