የሰውን አካል ምሳሌ አድርጎ የእግዚአብሔርን አንድነት ማስረዳት እስከ የት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ምሥጢረ ሥላሴን ለታዳጊዎች አስተምራለሁ። በቀለም ትምህርቱ የሰውን የውስጥ አካላት እየተማረ ያለ አንድ ልጅ፣ «አንጎል፣ ልብና ሳንባ ሦስት ሳሉ ሰውየው አንድ እንደሆነ፣ ሥላሴም እንዲሁ ናቸው ማለት ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሳቡ ሌሎቹንም ልጆች ስለማረካቸው ወዲያው ላፈርሰው አልወደድኩም፤ ይሁን እንጂ የእግዚአብሔርን አንድነት በትክክል የሚያስረዳ አልመሰለኝም። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ የተጠራጠሩት በትክክል ነው። ሳንባ የሰው ክፍል እንጂ ሰው አይደለም፤ አንጎልም ለብቻው ሰው አይባልም። በዚህ ምሳሌ ከሄድን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ እያንዳንዳቸው የመለኮት ሲሶ ይሆናሉ፤ ይህም በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ የተካከለ መሆኑን ከመሰከሩት ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ከዚህ ሲሸሹ ደግሞ «አንዱ ሰው በቤቱ አባት፣ በሥራው ሐኪም ነው» ወደሚለው ምሳሌ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ እርሱ ሰባልዮስ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረውን፣ ሦስቱን አካላት፣ ማለትም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን፣ የአንድ አካል ስሞች ብቻ የሚያደርገውን ስሕተት ይመልሳል።

መልስ 2፦
እኔ የጤና ባለሙያ ነኝና ከሙያዬ በኩል ጥቂት ልጨምር። የመጀመሪያው የሰው ልብ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ከተደረገ ወዲህ፣ ብዙ ሰዎች በሌላ ሰው ልብ ኖረዋል፤ ማንነታቸው ግን አልተለወጠም። አንድ ሳንባው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰውም በሌላው መኖር ይችላል። ተቆርጦ የሚወጣና በሌላ የሚተካ ነገር፣ መከፈልና መለወጥ ለሌለበት ባሕርይ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ሊቃውንቶቻችን በምሳሌ ትምህርታቸው ልብ የሚሉትም ደም የሚረጨውን ጡንቻ ሳይሆን የነፍስን አሳቢነት ነው።

መልስ 3፦
ከላይ የተባለው መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆቹን ባዶ እጃቸውን አንስደዳቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰው የወሰደችው የቆየ ምሳሌ አላትና፤ እርሱም ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ ነው። ነፍስ አንዲት ስትሆን አሳቢ፣ ተናጋሪና ሕያዊት ናት፤ ቃል ከልብ ይወለዳል፣ እስትንፋስም ከልብ ይወጣል፣ ሆኖም ልብ ከቃሉና ከእስትንፋሱ የሚቀድምበት ጊዜ የለም። አንድነቱ በይበልጥ የሚታየው ግን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ትምህርት ነው፦ አብ ለራሱ ልብ ሆኖ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ልባቸው ነው፣ ወልድ ለራሱ ቃል ሆኖ ለአብና ለመንፈስ ቅዱስ ቃላቸው ነው፣ መንፈስ ቅዱስም ለራሱ እስትንፋስ ሆኖ ለአብና ለወልድ እስትንፋሳቸው ነው። ሦስት ሰዎች ሦስት ልብ፣ ሦስት ቃልና ሦስት እስትንፋስ ስላላቸው ሦስት ሰዎች ይባላሉ፤ ሥላሴ ግን በአንድ ልብ ስለሚያስቡ፣ በአንድ ቃል ስለሚናገሩና በአንድ እስትንፋስ ሕያዋን ስለሆኑ፣ በስም፣ በአካልና በግብር (አብ በመውለድ፣ ወልድ በመወለድ፣ መንፈስ ቅዱስ በመውጣት) ሦስት ሲሆኑ አንድ አምላክ እንጂ ሦስት አማልክት አይባሉም። ለተማሪዎቹ ሊተላለፍ የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ ልጅ ግን «እንግዲያው ወልድ ድምፅ ብቻ ነው?» ማለቱ አይቀርም።

መልስ 2፦
ምሳሌው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። የእኛ ቃል ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ያሉትን የድምፅ አውታሮች ሲያንቀጠቅጥ ይሰማል፤ ወዲያውም ይበተናል፣ የራሱ አካልም የለውም።

መልስ 3፦
እውነት ነው፤ አካላዊ ቃል የተባለው ወልድ ግን በራሱ አካል ጸንቶ የሚኖር ነው። ከሦስቱ አካላት ሰው የሆነው እርሱ መሆኑን የዮሐንስ ወንጌል «ቃልም ሥጋ ሆነ» ሲል ይነግረናልና፣ ልጁ ያንን ጥያቄ ሲያነሣ ምሥጢረ ሥጋዌን ከዚያው ይጀምሩለት።