በወረዳ ምክር ቤት ለዘብተኛ ሰው ይበረክታል?

መምህሩ፦
ሰላም ናችሁ? ጅማ ዞን ውስጥ አስተምራለሁ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች «የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ለወረዳ ምክር ቤት ተወዳደር» እያሉኝ ነው። እኔ ጽንፍ አልወድም፤ ሁሉንም ሰምቼ ነው የምወስነው። ባለቤቴ ግን «መሀል ሰፋሪ ተብለህ ከሁሉም ትጣላለህ» ትላለች። ውስጡን የምታውቁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ ተመራጭ፦
ልጄ፣ ግባበት። እኔ በ2000 ምርጫ ነው የገባሁት። ወንበሩን ከሞላ ጎደል ኢህአዴግ ነበር የያዘው፤ ክርክሩ እዚያው ፓርቲው ውስጥ ነበር።

በጀቱ ከክልል በድጎማ ይመጣል። አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ያልቃል። የምትሟገተው በተረፈችው ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም የአንድ ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ወንዝ ይገባ ነበር። ውሃው ይጠቁራል፣ ይከረፋል፤ ከብት አሽትቶ ይመለሳል። የታች ቀበሌ ሰዎች «ይዘጋ» አሉ። የላይኞቹ ደግሞ ቡናቸውን የሚያስረክቡት እዚያው ነው፤ እሸት ቡና ሲያድር ይበላሻል። እኔ «አይዘጋ፤ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ይቆፈር፣ ከስሩ ፍሳሽ የሚያጣራ ቬቲቨር የሚባል ሳር ይተከል» አልኩ። ከሁለቱም ወገን ተጮኸብኝ። ከጉባኤው በፊት የሁለቱንም ቀበሌ ሰዎች ይዤ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ያንን ሽታ አብረው ካሸተቱ በኋላ ንግግራቸው ተለወጠ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። ሆኖም አንድ ጎረቤቴ ለብዙ ጊዜ ቡና አልጠራኝም። ባለቤትህ የምትለው እሱን ነው፤ እውነቷን ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ያብዛልን። ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ደግሞ በ2005 ተደርጎ የ2010ሩ ተራዘመ። በ2013 እኛ አዲስ አበባ የመረጥነው ለፓርላማና ለከተማው ምክር ቤት ነው። ድምፅ ያልሰጠሁት ሰው እኔን ለምን ይሰማኛል?

የቀድሞ ተመራጭ፦
ልክ ነሽ እህቴ፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሕዝብ ፊት ሳይቀርብ የቆየ ምክር ቤት ጆሮው ይደነድናል። ልጄ፣ አንተ ምርጫውን ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። በጀት ሲለጠፍ ሄደህ አንብብ። አፋን ኦሮሞህንም አጥራ፤ ጉባኤው በእሱ ነው የሚካሄደው።

መምህሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የእኛም ወንዝ በቡና ወቅት እንደዚያው ነው። ቬቲቨሩ ከየት ነው የሚገኘው?

የቀድሞ ተመራጭ፦
መልኮ ሂድ፣ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል። ሳሩን ከድሮም ያውቁታል። የምትተክለው ግን ክረምት ሲገባ ነው።