ኦገስት 16 በሙዚቃ ታሪክ፦ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ፣ በማን ልጀምር?

ባለማይኩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በየሳምንቱ አጭር የሙዚቃ ፕሮግራም አቀርባለሁ። የሚቀጥለው ኦገስት 16 ላይ ይውላል፤ በእኛ ነሐሴ 10። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቀኗ ጉድ ናት። በ1938 የብሉዝ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ሮበርት ጆንሰን ሞተ። በ1958 ማዶና ተወለደች። በ1962 ቢትልሶች ድራመራቸውን ፒት ቤስትን አሰናበቱ። በ1977 ኤልቪስ ፕሪስሊ በ42 ዓመቱ፣ በ2018 ደግሞ አሪታ ፍራንክሊን በ76 ዓመቷ አረፉ። ሁሉንም ልጥቀስ ብል ስም ጠርቼ ማለፌ ነው። አንዱን ብቻ ልያዝ ብል ሌሎቹ ያሳዝኑኛል። እናንተ ብትሆኑ በማን ትጀምራላችሁ? በማንስ ትጨርሳላችሁ?

የማታ አድማጭ፦
ኤልቪስ ነዋ! በማግስቱ ፖርትላንድ፣ ሜይን ውስጥ ኮንሰርት ነበረው። ሕዝቡ ትኬቱን ይዞ ቀረ። ግን እባክህ ሞቱን ብቻ አታውራ፤ የልጅነት ድምፁን አሰማን።

ሸክላ ወዳድ፦
ኤልቪስን ያልሰማ የለም። እኔ ብሆን በጆንሰን ጀምሬ በአሪታ እጨርስ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ፤ ጆን ሃመንድ የሚባል የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር።

ጆንሰን ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ግሪንውድ አካባቢ ሲሞት ገና 27 ዓመቱ ነበር። የቀዳው 29 ዘፈን ብቻ ነው፤ በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 ዳላስ። መሞቱን ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ እንኳ የተገኘው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። የሞተበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የሰፈረው “ሐኪም የለም” የሚል ነው። በቃ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃመንድ ኒውዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ የሚያሳይ ትልቅ ኮንሰርት ያዘጋጅ ነበር። ጆንሰንን ፈልጉልኝ አለ። ሞቷል አሉት። እሱ ግን ዝም ብሎ አላለፈውም። ዲሴምበር 23 ማታ የጆንሰንን ሁለት ሸክላዎች ከመድረኩ ላይ ለታዳሚው አጫወተ። እስቲ አስቡት። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ መድረኩ ላይ ዘፋኝ የለም፣ ድምፁና ጊታሩ ብቻ።

በ1960 ይኸው ሃመንድ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ኮሎምቢያ ከሚባለው የሸክላ ኩባንያ ጋር አስፈረመ። አሪታ ናት። በ1961 እዚያ የሠራችው የመጀመሪያ አልበም ወጣ። በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ በሃመንድ ግፊት የጆንሰንን የድሮ ቅጂዎች ሰብስቦ በአልበም አወጣ። እንግሊዛውያኑ ጊታሪስቶች ኪት ሪቻርድስም ኤሪክ ክላፕተንም ልባቸው የተነካው በዚያ አልበም ነው። ያው ሰው፣ ያው ኩባንያ፣ ያው ዓመት። ከዚያ ደግሞ ልክ በ80 ዓመት ልዩነት የሞቱበት ቀን አንድ ሆነ።

እርግጥ ኮሎምቢያ አሪታን በወጉ አልተጠቀመባትም። የራሷን መንገድ ያገኘችው በ1967 አትላንቲክ ወደሚባለው ሌላ የሸክላ ኩባንያ ሄዳ ፒያኖው ፊት ስትቀመጥ ነው።

ባለከበሮ፦
ለፒት ቤስት ሁለት ደቂቃ ስጠው፣ በናትህ። ሁለት ዓመት ሃምቡርግና ሊቨርፑል ከእነሱ ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲመታ ኖሯል። መባረሩን የነገረው ሥራ አስኪያጃቸው ብራያን ኤፕስታይን ነው፤ ሦስቱ ጓደኞቹ አልመጡም። ሪንጎ ስታር ተተካ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ሁለት ወር ሳይሞላ ወጣ። እኔም ከአንድ ባንድ እንዲሁ ተቀይሬ አውቃለሁ። የነገረኝ ሰው ከልጆቹ አንዱ አልነበረም። ከመቀየሩ ይልቅ እሱ ነው የሚያመው። ደግነቱ በ1995 በወጣው የቢትልስ ስብስብ ላይ ቤስት የመታቸው ቅጂዎች ገብተው የድርሻውን አገኘ።

ባለማይኩ፦
የሃመንድን ነገር ጭራሽ አላውቅም ነበር። ወስኛለሁ። ምንም ሳልናገር ጆንሰንን እለቃለሁ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የካርኔጊውን ማታ አወራለሁ። ባለከበሮ፣ ሁለቱ ደቂቃ ያንተ ናት። ኤልቪስ መሀል ላይ ይገባል፣ የልጅነቱን ድምፅ። ማዶናን ከአሪታ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር አነሳታለሁ፤ አሪታ ያረፈችው ማዶና 60 ዓመት በሞላት ቀን ነውና። ሸክላ ወዳድ፣ ከአሪታ የትኛውን ትመርጥልኛለህ?

ሸክላ ወዳድ፦
ራሷ ፒያኖ የምትመታበትን የትኛውንም። ብቻ መግቢያው ላይ እንዳታወራበት።