ያላየሁትን ቤት እንዴት ልሳለው?

የቤይሩቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥዕል የምታውቁ ሰዎች፣ ምክር ቸግሮኛል።

የምሠራው ቤይሩት ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት ፍልስጤማዊት ናቸው፤ እኔም እንደ ልጅ ልጆቻቸው «ተይታ» (አያቴ) ነው የምላቸው። የተወለዱት ናዝሬት አጠገብ፣ ሰፉሪያ የምትባል መንደር ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 1948 የእስራኤል ጦር መንደሯን ሲይዝ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወሩ ረመዳን ነበር። ቤተሰቡ ሸሽቶ ሊባኖስ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ቤቶቹ ከሞላ ጎደል ፈርሰዋል፤ ቦታው ላይ ጥድ ተተክሏል።

የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ስስል ታየኛለች። «የተይታን ቤት ሳዪልን፣ ሳሎን እንሰቅለዋለን» አለችኝ። ግን ፎቶ የለም፣ አንድም። ያለው የተይታ ወሬ ብቻ ነው፣ እሱም ቁርጥራጭ ነው። ጣሪያው ምን ይመስል እንደነበር ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ስለ እህል ጎታው ከጀመሩ ግን ማቆሚያ የላቸውም። ከጭቃና ከጭድ ነው፣ እናታቸው በእጃቸው የሠሩት። ከታች ቀዳዳ አለው፣ በሰማያዊ ጨርቅ ይወተፋል። ጨርቁ ሲነቀል ስንዴው ይፈሳል፣ ትንሿ ተይታ መዳፏን ከሥር ትደቅናለች። ይህን ሲያወሩ ዛሬም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

የምፈራው መዋሸትን ነው። የጎደለውን ከራሴ ሞልቼ የሚያምር የድንጋይ ቤት ብስል የሳቸው ቤት አይሆንም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ነዳፊው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መሬቱን ያዢ። ፓለስታይን ኦፕን ማፕስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። እንግሊዞች ያነሷቸውን የ1940ዎቹን ካርታዎች ታገኚበታለሽ፣ ከዛሬው መልክ ጋርም ማስተያየት ይቻላል። ሰፉሪያን እዚያ ፈልጊያት። መንደሯ ብትፈርስም ኮረብታው አናት ላይ ያለው አሮጌ ምሽግ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ አንድ ሰሞን ትምህርት ቤትም ነበር። ተይታን ጠይቂያቸው፦ ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ምሽጉ በየት በኩል ይታያቸው ነበር? የጠዋት ፀሐይስ ቤት ውስጥ ትገባ ነበር? በነዚህ ሁለት መልሶች የበሩን አቅጣጫ ታገኚዋለሽ።

ያኔ የገበሬ ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ሆኖ ወለሉ ሁለት እርከን ነበረው። ከታች ከብቶች ያድራሉ፣ ጥቂት ደረጃ ወጣ ብሎ ሰው ይኖራል። የሳቸውም እንደዚያ መሆኑን ራሳቸውን ጠይቂ እንጂ አትገምቺ።

መምህር በ.፦
ጣሪያውን የማያስታውሱት ልጅ ስለነበሩ ይመስለኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ቀና ብላ ጣሪያ አታይም። የምታየው ደረጃውን፣ የበሩን የታችኛውን ማጠፊያ፣ የጎታውን ቀዳዳ ነው። እንግዲያው ከዚያች ልጅ ዐይን ከፍታ ሳዪው! ከውጭ የሚታይ ሙሉ ቤት ምን ያደርግልሻል? ጎታው ግዙፍ ይሁን፣ ቀዳዳው ፊት ለፊት ይምጣ፣ ከላይ ያለውን ባዶ ተዪው።

የፍልስጤማዊውን ሠዓሊ የእስማኢል ሻሙትን «ወዴት?» የተባለ ሥዕል ፈልገሽ እዪ። ሻሙት ራሱ በ1948 ከልድ ከተማ የተባረረ ነው፤ ሥዕሉን የሠራው በ1953 ነው። አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ሕፃን ትከሻቸው ላይ ተኝቷል፣ ሌላውን እጁን ይዘውታል፣ ሦስተኛው ከኋላ እያለቀሰ ይከተላል። ከ700,000 በላይ ሰው ነው ያኔ የተፈናቀለው፤ ሻሙት የሳለው ግን አራት ሰው ነው። ሰውን የሚይዘው ያ ነው።

ክርና መርፌ፦
ባዶውን ስለመተው ከመምህር ጋር ነኝ። ፍልስጤማዊቷ አርቲስት ኤሚሊ ጃሲር በ2001 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የስደተኛ ድንኳን ወስዳ እንደ ሰፉሪያ በ1948 የጠፉ የ418 መንደሮችን ስም በእርሳስ ጻፈችበት። ከዚያ ስቱዲዮዋን ክፍት አደረገች። የምታውቀውም የማታውቀውም እየመጣ፣ እየተጨዋወተ፣ ስሞቹን በጥቁር ክር ጠለፈ። ሁሉም ተጠልፈው አላለቁም። የቀሩት በእርሳስ እንደተጻፉ ሆነው ድንኳኑ ለዕይታ ቀረበ። የጎደለው ጎድሎ መታየቱ እኮ እውነቱ ነው።

ጎታው ብቻ ይበቃል በሚለው ግን አልስማማም። የመንደሯ ስም ሥዕሉ ላይ ይኑር። የጋዛው ተወላጅ አርቲስት ታይሲር ባትኒጂ በ2008 እና 2009ኙ ጦርነት የተመቱ የጋዛ ቤቶችን ፎቶ እንደ ደላላ ማስታወቂያ አድርጎ አሳይቷል፦ ስፋቱ ይህን ያህል፣ ክፍሎቹ እነዚህ፣ ይኖርበት የነበረው ይህን ያህል ሰው። ቤቶቹ የማን እንደሆኑ የማይለይ ፍርስራሽ እንዳይሆኑ ያደረገው ያ ዝርዝር ነው። ስም ከሌለው የተይታም ቤት «አንድ የድሮ ቤት» ሆኖ ይቀራል።

የቤይሩቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ካርታውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ምሽጉ ከቤታቸው ጀርባ ነበር፣ ከበር አይታይም አሉ። የጎታውን ንድፍ ሳሳያቸው ደግሞ እርሳሱን ከእጄ ወስደው ቀዳዳውን ዝቅ አደረጉት። እኔ ለራሴ ቁመት ነበር የሳልኩት። ስሙን የልጅ ልጃቸው በዐረብኛ ትጽፈዋለች። በውሃ ቀለም ወፍራም ወረቀት ላይ ልሥራው፣ ወይስ ሸራ ልግዛ?

መምህር በ.፦
ወረቀት ይሻላል። ባዶ የተተወ ወረቀት ብርሃን ይመስላል፣ ሸራ ላይ ግን ሥራው ያላለቀ ያስመስለዋል። ከመጀመርሽ በፊት ጠርዙን በቴፕ ወጥረሽ ለጥፊው፣ ውሃው እንዳያጣምመው።