ጥቆማ፦ የላውንደሪ ፍሳሽ የውሃ እንስሳትን ይጎዳ እንደሆነ የት ላስመርምር?

ጥያቄ፦ ፍልውሃ አካባቢ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ላውንደሪ አለን። ማጣሪያ ገንዳ ሠርተናል። የሚወጣው ውሃ ባንቴይቀጡ ወንዝ ቢገባ በውስጡ ያለውን ሕይወት ይገድል እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። የትኛውን ምርመራ ትመክራላችሁ?

መልስ፦ የውሃውን አሲድነት (ፒኤች) እና ቆሻሻው የሚፈጀውን ኦክስጅን (ቢኦዲና ሲኦዲ) ብቻ የሚለካ ላቦራቶሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የሳሙና ኬሚካል የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል፤ ይህን የሚነግርዎት እንስሳው ራሱ ነው። መጀመሪያ አራት ኪሎ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ጎራ ብለው የዙኦሎጂ ክፍሉን ያነጋግሩ። የዳፍኒያ ምርመራ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ዳፍኒያ በጣም ትንሽ የጨው አልባ ውሃ እንስሳ ናት። ከተፈለፈሉ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ግልገሎች በተለያየ መጠን በቀጠነ ፍሳሽ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆያሉ፤ ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ 20 ግልገል ያስፈልጋል። ውጤቱ ግማሾቹን ከመንቀሳቀስ የሚገታው የፍሳሽ ድርሻ ነው። 20 በመቶ ከተባለ፣ አንድ እጅ ፍሳሽ በአራት እጅ ንጹሕ ውሃ ተቀላቅሎም ግማሾቹን አስቁሟል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርዙ የከፋ ነው፤ ዝቅተኛ ቁጥር አይተው እንዳይደሰቱ።

በብርሃን ሰጪ ባክቴሪያ የሚሠራው ምርመራ በ30 ደቂቃ ያልቃል፤ ነገር ግን መሣሪያው ውድ ነው፣ የፍሳሹ ቀለምም ንባቡን ያዛባል። አርቴሚያ በተባለ ሌላ ትንሽ እንስሳ መመርመር ርካሽ ቢሆንም፣ እንስሳው የጨው ውሃ ፍጥረት ስለሆነ ለወንዛችን ምስክር አይሆንም። ዓሣ ላይ መሞከርን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ እንስሳን ያለ ምክንያት መፍጀት ነው።

ናሙናውን በረኪና በሚጠቀሙበት ሰዓት ከገንዳው መውጫ ይቅዱ። ለላቦራቶሪ ተብሎ ከተዋበ ውሃ ማንም አይጠቀምም! በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ዳፍኒያን በፍጥነት ስለሚገድል፣ ክሎሪኑ በቲዮሰልፌት ከተወገደለት ናሙና ጋር ጎን ለጎን ይመርመር፤ ጥፋቱ የበረኪናው ይሁን የሳሙናው ያኔ ይለያል። በበረዶ ይዘው በዚያው ዕለት ያድርሱ።

ሌላ መልስ፦ በዳፍኒያው እስማማለሁ። በምርመራው መጨረሻ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች እንዳልወረደ ግን ይጠይቁ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ አየር አጥቶ የሞተው በመርዝ እንደሞተ እንዳይቆጠር። በየጊዜው ለመከታተል ካሰቡ ደግሞ ዳፍኒያዎች ከደረቅ እንቁላል የሚፈለፈሉበት ዝግጁ የመመርመሪያ ዕቃ (ኪት) አለ፤ እርባታ አይጠይቅም፣ በሦስት ቀን ገደማ ግልገል ይሰጣል። ከውጭ ስለሚመጣ ከመክፈልዎ በፊት የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይዩ።