ለምርጫ ቅስቀሳ የሚሰጥ ገንዘብ፦ ጣሪያ ይበጅለት ወይስ የሰጪው ስም ይውጣ?

የስፕሪንጉ ልጅ፦
እስቲ ፍረዱን። ቅዳሜ ከወዳጄ ጋር ቡና ላይ ቁጭ ብለን ተጨቃጭቀን ነው የተለያየነው። እሱ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። መሃላችን ያለው አንድ ወንዝ ነው፣ በምርጫ ገንዘብ ነገር ግን ሌላና ሌላ አገር ነው የምንኖረው። እነሱ ጋ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ለአገረ ገዢነት ወይም ለስቴቱ ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው ያሻህን ያህል ትሰጣለህ። ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ኩባንያም ይሰጣል። ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ከሰጠህ ስምህ ይወጣል። እኛ ጋ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ2018 ምርጫ ጀምሮ ሌላ መንገድ አለ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው)። እጩው ከፈለገ የኩባንያና የማኅበር ገንዘብ እርግፍ አድርጎ ይተዋል፣ ከነዋሪው ትንሽ ትንሽ ይሰበስባል፣ ካውንቲው ደግሞ ከግብሩ ላይ ይጨምርለታል። በ2018 ለካውንቲ ኤክስኪዩቲቭ፣ ማለት ለካውንቲው አስተዳዳሪነት፣ ለሚወዳደር ሰው 50 ዶላር ብትሰጥ ካውንቲው 300 ያክልበት ነበር። እጩው እጅ 350 ገባ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉት ነገር እንዲህ በሕግ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። እኔ የኛ ይሻላል ባይ ነኝ።

የወንዝ ማዶው፦
ወዳጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። የቡናውንም እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ ይመዝገብልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ። በበር ስትከለክለው በጓሮ ይገባል። ለኮንግረስ የሚወዳደረውን ተመልከቱ፣ ከአንድ ሰው በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው ጣሪያው። ጥሩ። ግን ከ2010 ወዲህ ሱፐር ፓክ የሚባል፣ ለእጩው ሳይሰጥ በራሱ የሚቀሰቅስ ቡድን መጣ፣ ሚሊዮን ብትሰጠውም ማንም ጣሪያ አያስቀምጥልህም። ታዲያ ጣሪያው ማንን ከለከለ? እኔንና አንተን። ኢሎን መስክ በ2024 ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያፈስ ማን አቆመው? ቨርጂኒያ ቢያንስ አይዋሽም። ስጥ፣ ግን ስምህን እናያለን ይላል። ቪፓፕ የሚባለው ገጽ ላይ ገብተህ የሰፈርህን ተመራጭ ስም ጻፍ፣ ማን ስንት እንደሰጠው እስከ ሳንቲሙ ይነግርሃል። አንተ ደግሞ የኔን ግብር ወስደህ እኔ የማልወደውን ሰው ፖስተር ታሳትምበታለህ። የቱ ነው ፍትሕ?

የስፕሪንጉ ልጅ፦
አንተ ሜሪላንድ ግብር አትከፍልም እኮ!

የወንዝ ማዶው፦
ለምሳሌ ነው።

ሒሳቧ፦
እኔ ትንሽ ላብራራ፣ ነገሩን ከውስጥ አይቼዋለሁና። ከጥቂት ዓመት በፊት ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው ደብተር ያዢልኝ ብሎኝ በትርፍ ሰዓቴ ያዝኩለት። ስሙን አልጠራም። ማታ ማታ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የጫማ ካርቶን ሙሉ ቼክ ይዤ እቀመጣለሁ። ስም፣ አድራሻ፣ አንዳንዱም ላይ ሥራና አሠሪ መሞላት አለበት። የኛ ሰው ደግሞ ቼክ ይሰጥሻል እንጂ ፎርም አይሞላም። ደውዬ «ጋሼ፣ የሚሠሩት የት ነው?» ስል መልሱ «ማን ነሽ አንቺ? ለምን ፈለግሽው?» ነው። አንዱማ ከግብር መሥሪያ ቤት የደወልኩ መስሎት ስልኩን ዘጋብኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ምግብ ቤት ያለው ሰው 1,500 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይዞ መጣ። ከጎኑ የአሥር ሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አለ፣ በአሥራቸው ስም 150፣ 150 እያልሽ መዝግቢ አለኝ። ልጆቹ ራሳቸው ከኪሳቸው አውጥተዋል ወይ ስለው ሳቀ። በሌላ ሰው ስም መስጠት ወንጀል ነው ብዬ መለስኩለት። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም አይለኝም። ይሄን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ፣ ጣሪያም ስም ማውጣትም ያለ ተቆጣጣሪ ወረቀት ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሺ ብል ማን ያውቅ ነበር?

ዝምተኛው፦
እኔ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ስም ይውጣ ስትሉ አንድ ነገር ልበል። ለፌዴራል ምርጫ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ ብቻ አይደለም የሚወጣው። የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያሠራው ሁሉ ተዘርዝሮ ማንም ይፈልገዋል። እናንተ ይሄን ስታነቡ ሀብታም ነው የሚታያችሁ። እኔ የሚታየኝ ራሴ ነኝ። አገር ቤት እናት አለኝ። በነዚህ ዓመታት በኛ መሃል ምን እንደነበረ ታውቃላችሁ። እገሌ ለእገሌ ሰጠ ተብሎ ስሙ በየቴሌግራሙ ሲዞር፣ ሰው በአባቱ ስም ዘሩ ሲቆጠር አይተናል። ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ ጥሩ የተናገረ የኮንግረስ ሰው አለ፣ ልሰጠው ፈልጌ እጄን ሰበሰብኩ። በ1958 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላባማ ውስጥ የጥቁሮች መብት ማኅበሩ፣ ኤንኤኤሲፒ፣ የአባሎቹን ዝርዝር አልሰጥም ሲል የፈረደለት ለዚሁ ነው። ስም ማውጣት አንዳንዴ በትር ነው።

የወንዝ ማዶው፦
ወንድሜ ይሄ ከባድ ነው፣ አልቀልድበትም። ግን ያኔ የተጠየቀው የማኅበር አባልነት ዝርዝር ነው። ለሚያስተዳድረኝ ሰው የተሰጠ ገንዘብ ሌላ ነው። በ2010ሩ ሲቲዝንስ ዩናይትድ በሚባለው ፍርድ ላይ እንኳ ዳኞቹ ኩባንያ ለቅስቀሳ ያሻውን ያውጣ ሲሉ 5 ለ4 ነው የተከፋፈሉት። የሰጪው ስም ይታወቅ የሚለውን ግን 8 ለ1 ነው ያጸኑት።

ሒሳቧ፦
ትክክል ነው። ግን እነዚያው ዳኞች ስም ይታወቃል ብለው ያሰቡት አልሆነም። አንዱ የሰጪዎቹን ስም ለማያስመዘግብ ድርጅት ይሰጣል፣ ድርጅቱ ለሱፐር ፓክ ያስተላልፋል፣ ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው የድርጅቱ ስም ነው። «ለተሻለች ነገ» ምናምን የሚል። ለዝምተኛው ደግሞ፣ ከ200 ዶላር በታች ከሰጠህ እጩው ራሱ ስምህን ዘርዝሮ የማስገባት ግዴታ የለበትም። በኢንተርኔት አሰባሳቢ በኩል ከሰጠህ ግን ያ ድርጅት ትንሿንም ሊያስመዘግባት ይችላል። ለዚህ ነው ለሚፈራ ሰው ቼክ ጻፍ የምለው።

እና ግሪን ካርድ ያላችሁ መስጠት ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ግሪን ካርድም ዜግነትም የሌለው ግን፣ በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያለም ቢሆን፣ አይችልም።

የስፕሪንጉ ልጅ፦
ለወንዝ ማዶው አንድ የሰፈሩን ታሪክ ላስታውሰው። በ2021 ግሌን ያንግኪን ለአገረ ገዢነት ሲወዳደር ገጠር ገጠሩን «ይሄ ሰው ለጠመንጃ መብት አይቆምም» የሚል ማስታወቂያ ተለቀቀ። ያየው ሁሉ ጠመንጃ ወዳድ ሪፐብሊካን ያወጣው ነው የሚመስለው። ከጀርባው ያሉት ግን ከዴሞክራቶቹ ወገን ነበሩ፣ የፈለጉት የያንግኪን ደጋፊ ቤቱ እንዲቀር ነው። የቡድኑ ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አካውንታቢሊቲ ቨርጂኒያ»። ተጠያቂነት! የናንተ መብራት ኃይል፣ ዶሚኒየን፣ 200,000 ዶላር ሰጥቶበታል። ነገሩ ሲወጣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ አልሰጥም ነበር፣ ገንዘቤን መልሱ አለ። ዋጋው በስቴቱ የሚወሰን ኩባንያ፣ ዋጋውን ለሚወስኑት ሰዎች ምርጫ ያሻውን ይሰጣል። የመብራት ሒሳብህ ሲመጣ የምትጮኸው አንተ አይደለህ?

የወንዝ ማዶው፦
እጮሃለሁ። ግን በምን አወቅክ? በዚሁ ስም ማውጣት አይደለም እንዴ! ባይመዘገብ ዛሬ ምን ታወራ ነበር?

በዚያ ላይ ዶሚኒየን ስሙ ስለሚታይ ነው ሌላ የተነሳበት። ማይክል ቢልስ የሚባል የቻርሎትስቪል ባለሀብት በ2018 ክሊን ቨርጂኒያን አቋቋመ፣ ከዶሚኒየን አልቀበልም ለሚል እጩ ገንዘብ ይሰጣል። አሁን ከዶሚኒየን አልወስድም ማለት ያስመርጣል።

የስፕሪንጉ ልጅ፦
እና መፍትሔህ አንዱን ሀብታም በሌላ ሀብታም መመከት ነው? የበላ ሁሉ በበላበት ይጮኻል። እኔ የምፈልገው በ50 ዶላሬ እንዲጮኹልኝ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በ2018 በዴሞክራቶቹ የውስጥ ምርጫ ማርክ ኤልሪች በዚህ በትንንሹ ገንዘብ ለካውንቲ ኤክስኪዩቲቭነት ተወዳደረ። ዴቪድ ብሌር የሚባለው ነጋዴ ከራሱ ኪስ ሚሊዮኖች አወጣ። ኤልሪች በ77 ድምፅ አሸነፈ። በ2022 እንደገና ገጠሙ፣ እንደገና ብሌር ሚሊዮኖች አወጣ፣ ድምፁ ዳግም ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ሆነ። 32 ሰው! ፌንተን መንገድ ላይ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ እሁድ ከሰዓት ከዚያ በላይ ሰው አለ። ሀብታም ገዛው የሚሉት ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም ማለት ነው፣ ሌላው በሩ ክፍት ከሆነለት።

የወንዝ ማዶው፦
ይሄ እኮ ለኔ ነው የሚመሰክረው። ገንዘብ አይገዛማ! ቢሊየነሩ ብሉምበርግ በ2020 የዴሞክራቶቹ የፕሬዝዳንት እጩ ለመሆን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአን ብቻ ነው። መስክ በ2025 ለዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫ የሚሊዮን ዶላር ቼክ ሲያድል ከርሞ የደገፈው ሰው ተሸነፈ። ኤልሪችም ቢሆን ከ2006 ጀምሮ በምክር ቤት የሚታወቅ ሰው ነው። ስሙ ነው ያሸነፈው፣ ያንተ 50 ዶላር አይደለም።

ሒሳቧ፦
ገንዘብ የሚሠራው እኮ መጨረሻ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ነው። እኔ ያየሁት እሱን ነው። ያ ደብተር የያዝኩለት ሰው በቀን አራት ሰዓት ስልክ ላይ ነበር፣ መራጭ አይደለም የሚያናግረው፣ ገንዘብ ያለውን ነው። ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች በሀብት ነው የተደረደረው። የኛ ሰው ስም አምስተኛው ገጽ ላይ ነበር፣ ሁለተኛውን ገጽ ሳንጨርስ ምርጫው ደረሰ። 50 ዶላር 350 ስትሆን ያ ዝርዝር ይገለበጣል። እጩው ፌንተን መንገድ ድረስ መጥቶ ክትፎ በልቶ ይሄዳል። ለክትፎው አይደለም።

ጋሽ መርካቶ፦
ልጆች፣ ትልቅ ሰው ልናገር። እናንተ ስለ አሜሪካ ታወራላችሁ፣ እኔ ስለራሳችን ላውራ። በ97 ምርጫ ጊዜ እዚሁ ዋሽንግተን ስንት አዳራሽ ሞልተን ገንዘብ እንዳዋጣን ታስታውሳላችሁ? እናንተ ምናልባት ልጅ ነበራችሁ። ሴቱ የአንገት ሐብሉን ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ 100 ዶላር ሰጠሁ፣ ያኔ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ የሁለት ቀን ደሞዜ ነው። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፣ ነውር መሰለኝ። ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ፣ አንዱ በላ፣ ሌላው ደበቀ፣ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ማን እንደበላ፣ ወይም ጭራሽ ያልበላ ሰው ይሁን የተወነጀለው፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እድር ስንገባ ጸሐፊው ደብተሩን ጮክ ብሎ ያነብባል። ለቅሶ ቤት እንኳ በር ላይ ደብተር የያዘ ሰው ይቀመጣል፣ እገሌ 20፣ እገሊት 50 ብሎ ይጽፋል። ለሬሳ ስንመዘግብ ለመንግሥት መመዝገብ ያሳፍረናል።

የቦሌዋ፦
ጋሼ ልክ ነዎት። ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ትንሽ ልጨምር። እዚህ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አለ። ፓርቲ ከውጭ ዜጋ እንዳይቀበል፣ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ እንዳይወስድ፣ ሒሳቡ በኦዲተር እንዲታይ ያዛል። ጽሑፉ መጥፎ አይደለም። እኔ ግን እስካሁን የአንድ ፓርቲ የሒሳብ ሪፖርት አንብቦ ያወራልኝ ሰው አላጋጠመኝም። በዚያ ላይ እኛ ጋ ጥያቄው ማን ስንት ሰጠ ብቻ አይደለም። የቅስቀሳው መኪና የማን ነው? አዳራሹ ለማን ተፈቀደ፣ ለማን «ተይዟል» ተባለ? ይሄ በየትኛው ደረሰኝ ይጻፍ? እናንተ በዶላር ስትጣሉ ስሰማ ቅናት ቢጤ ይዞኛል።

ዝምተኛው፦
ጋሼ፣ የለቅሶው ደብተር ግን ኢንተርኔት ላይ አይወጣም።

ጋሽ መርካቶ፦
እሱስ እውነትህን ነው። ለቤተሰቡ ነው የሚሰጠው።

የስፕሪንጉ ልጅ፦
ለኔ መሃሉ እዚህ ጋ ነው። ትንሽ የሰጠ ይሸፈን፣ አድራሻውማ ለምን ይወጣል? ትልቅ የሰጠ በየትኛውም ድርጅት በኩል ይለፍ፣ የመጀመሪያው ኪስ ድረስ ስሙ ይጎተት። ዲሲም ከ2020 ምርጫ ጀምሮ እንደኛ ለትንንሹ በአንድ አምስት እየጨመረ ነው። ቨርጂኒያ ብቻ ቀረች።

የወንዝ ማዶው፦
እሺ አንድ ነገር ላምንልህ። አሁን ስትጽፉ የራሴን ተመራጭ ቪፓፕ ላይ ከፍቼ እያየሁ ነበር። ከላይ ያሉትን አምስት ሰጪዎች አነበብኩ። ሁለቱን አወቅኳቸው። ሦስቱ ግን የሆነ ፓክ፣ የሆነ ፈንድ፣ የሆነ ኮሚቴ ናቸው። ጠቅ አደረግኩ፣ ወደ ሌላ ኮሚቴ ወሰደኝ። እዚያም ጠቅ አደረግኩ። ልጄ እራት ቀርቧል ብላ ስትጠራኝ ገና አራተኛው ላይ ነኝ።

ሒሳቧ፦
እንኳን ደህና መጣህ። እኔ እንደዚያ ሆኜ ሦስት ወር ነው ያሳለፍኩት።

የወንዝ ማዶው፦
አሁንም ግን በግብሬ ፖስተር አይታተም።

ጋሽ መርካቶ፦
ሒሳቧ ልጄ፣ አንቺ ደብተር ካወቅሽ፣ የኔን 100 ዶላር ከየት ጀምሬ ልፈልጋት?