ጁን ብራውንን እስከ 92 ዓመታቸው ማሠራት ልክ ነበር? (ክርክር)

የመድረክ ልጅ፦
እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጁን ብራውን በቢቢሲው ተከታታይ ድራማ «ኢስትኢንደርስ» ዶት ኮተን የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ሆነው መጫወት የጀመሩት በ1985 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው)። ከ1993 እስከ 1997 ወጥተው ከመመለሳቸው በቀር ከዶት ለረጅም ጊዜ አልተለዩም። ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በጃንዋሪ 2020፣ በ92 ዓመታቸው ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዐይናቸው ክፉኛ ደክሞ ነበር። ቢቢሲ እስከዚያ ማሠራቱ ልክ ነበር ወይስ ቀደም ብሎ በክብር መሸኘት ነበረበት? እኔ ልክ ነበር ባይ ነኝ።

አዳፍኔ፦
አልስማማም። ክብራቸውን ማንም አይነካም፤ እኔ የማወራው ስለ ሥራው ጠባይ ነው። ድራማው ሲጀመር በሳምንት ሁለት ክፍል ነበር፤ በ1994 ሦስት፣ በ2001 አራት ሆነ። ቀረጻው ደግሞ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም። ጠዋት የአንዱን ክፍል መጨረሻ ቀርጸህ ከሰዓት የሌላውን መጀመሪያ ልትቀርጽ ትችላለህ፣ ያውም ከሌላ ዳይሬክተር ጋር። ተዋናዩ የብዙ ክፍሎችን ቃለ ተውኔት በአንዴ ይዞ ይገባል፤ በመሃል የተቀየረ ገጽ ይመጣል። ማንበብ ለተሳነው ሰው ይህ ጭካኔ ነው። ፊልም ቢሆን ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ አይሰጥም።

ካሜራ ጀርባ፦
አዳፍኔ፣ ችግሩን በደንብ አስቀምጠኸዋል፤ መፍትሔው ግን ማሰናበት አይደለም። ሕመማቸው ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ (የዐይን ውስጠኛው ሽፋን መሃል) መጎዳት ነው። እሱ የሚያጠፋው የእይታን መሃል ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል። ስለዚህ በሽተኛው ወንበር ሳይመታ ክፍሉን ያቋርጣል፣ ነገር ግን ፊደል አይለይም፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው መልክም አይለይም። ቀረጻው ከዚህ ተነስቶ ይስተካከል።

ጽሑፍ ማጉላት የሚረዳው እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ነው። ሕመሙ ከጠና በኋላ ፊደሉን ምን ብታገዝፈው ያው ጥቁር ጥላ ይሸፍነዋል። ያኔ ሰው እያነበበላቸው በጆሮ ማጥናት ነው። ተዋናይ የት እንደሚቆም ለማሳየት ወለል ላይ የሚለጠፈው ፕላስተርም አይታይም፤ በጫማ የሚዳሰስ ነገር አድርግ፣ ወይም የወንበሩን መደገፊያ ምልክት አድርገህ ስጥ። ከልምምድ በኋላ ማንም ዕቃ አይንካ፤ ኩባያው አንድ ስንዝር ከተገፋ እጃቸው አየር ይጨብጣል፣ ቀረጻው ይደገማል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዐይን አቅጣጫ ነው። የእይታው መሃል የጠፋበት ሰው ፊትህን ለማየት ዐይኑን ወደ ጎን ይመልሳል፤ ምክንያቱም የቀረለት ዳሩ ነው። ካሜራ ግን ይህን አያውቅም፤ ተመልካች የሚያየው ከሚያነጋግራት ሰው ፊቷን የምታዞር ሴት ነው። መድኃኒቱ ማየቱን ትቶ በድምፁ አቅጣጫ ማነጣጠር፣ ወይም ካሜራውን ራሱን ማዛወር ነው። ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ በቀን የሚቀረጸው ትዕይንት ይቀነስ፣ ሁሉም በዶት ቤት ውስጥ ይሁን። ደራሲዎቹም ሕመሙን አልደበቁትም፣ ለዶት ራሷ ሰጧት።

አዳፍኔ፦
እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የተዋናይን ሕመም ለገጸ ባሕርይ መስጠት የት ላይ ነው የሚያበቃው? የዶትን ባል ጂምን የሚጫወቱት ጆን ባርደን በ2007 ስትሮክ ሲመታቸው ጂምንም ስትሮክ መታው ተባለ፤ ከዚያ ንግግራቸው እየተጎተተ ካሜራ ፊት ተመለሱ። ሌላዋ የድራማው ተዋናይት ባርባራ ዊንዘር አልዛይመር እንዳለባቸው የተነገራቸው በ2014 ነው። ፔጊ ሚቸልን ሆነው የተሰናበቱት በሜይ 2016፣ ሕዝብ የሰማው በ2018። አእምሮው እየከዳው ያለ ሰው «እችላለሁ» ሲል ቃሉን ብቻ ይዘህ ትሄዳለህ?

ሚዛን፦
ሁለቱን አታምታታቸው። የአልዛይመሩ ነገር ከባድ ነው፤ እዚያ ላይ ከሐኪምም ከቤተሰብም ጋር መመካከር ግድ ይላል። ዐይኑ የደከመ ሰው ግን ራሱ መወሰን ይችላል። የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ ከ2010 ጀምሮ አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ በ65 ዓመት ጡረታ የማስወጣቱ ደንብም በ2011 ቀርቷል።

የባርደንን ነገር ካነሳህ ደግሞ ያስከተለውን ተመልከት። ጃንዋሪ 31 ቀን 2008 በተላለፈው ክፍል ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ዶት ብቻዋን ናት፤ ሆስፒታል ላለው ባሏ መልእክት በካሴት ትቀዳለች። በብሪታንያ ተከታታይ ድራማ አንድ ተዋናይ ብቻውን ሙሉ ክፍል ሲይዝ የመጀመሪያው ነው። ተዋናይዋ ያኔ 80 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ሥራ ለ2009 የባፍታ (የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት) ምርጥ ተዋናይት ታጩ፤ ከተከታታይ ድራማ ለዚህ የታጨ ሰው ከ1988ቷ ዕጩ ከተዋናይት ጂን አሌክሳንደር ወዲህ አልነበረም። በ65 ተሰናብተው ቢሆን ኖሮ በ1992 ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

አዳፍኔ፦
80 ሌላ፣ 92 ሌላ። ደግሞም ሕግ ብትጠቅስ ተዋናይ የሚሠራው በሚታደስ ውል ነው። አለማደስ በራሱ በደል አይደለም።

የመድረክ ልጅ፦
ዕድሜው ብቻ ምክንያት ከሆነማ በደል ነው። እኔ ቢቢሲን የምወቅስበት መሸኛው ላይ ነው። ዶት አየርላንድ ሄደች ተባለ፣ የድምፅ መልእክት ተወች፣ አበቃ። በጃንዋሪ 2020 ከታዩ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር በፌብሩዋሪ፣ ተዋናይዋ ራሳቸው ለዘለቄታው መተዋቸውን ተናገሩ። በኤፕሪል 2022 በ95 ዓመታቸው አረፉ፤ ዶት የተቀበረችው በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የተከተላት ተመልካች ፊት ለፊት አልተሰናበታትም።

አዳፍኔ፦
ታዲያ ይህ የእኔን ሐሳብ አይደግፍም? ቀድሞ ቢታሰብበት ኖሮ ስንብቱ በአቅማቸው ጊዜ ይቀረጽ ነበር።

ካሜራ ጀርባ፦
ስንብት መቅረጽና ማሰናበት አንድ አይደሉም። ገጸ ባሕርይዋ ከሠፈር የምትወጣበትን ትዕይንት ቀርጾ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ተዋናይዋ ከቀጠሉ አይተላለፍም። የሚያስቸግረው ልብስ፣ ጸጉርና የክፍሉ ዕቃ በጊዜ ብዛት መለወጡ ነው። እሱም ዶት ኮቷን ለብሳ ብቻዋን በሯ ላይ ቆማ ከሆነ ብዙ አያስታውቅም። ይህን ግን ውሉ ሲታደስ ለራሳቸው ነግሮ፣ ተስማምተው ከሆነ ነው።

አዳፍኔ፦
እምቢ ካሉስ?

ካሜራ ጀርባ፦
እምቢ ካሉ አይቀረጽም። ሕይወታቸው ነው፣ ሥራቸው ነው።